በረዶ ያልሰበራት ጠባቂ መርከብ

የጥበቃ ሌሊት እንዴት እንደሚረዝም እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምናወጋችሁ፣ የብርዱን ወራት ሁለት ጊዜ በበረዶ ታስረው ስላሳለፉ 8 የካናዳ ፖሊሶችና ስለ መርከባቸው ስለ ሴንት ሮክ ነው።

ሴንት ሮክ እ.ኤ.አ. በ1928 ቫንኩቨር አጠገብ ከእንጨት ተሠራች። የውጭ ልባሷ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ የባሕር ዛፍ ወገን የሆነ ጠንካራ ጣውላ ነው። ሆዷ ክብ ስለሆነ በረዶ ሲጨምቃት ወደ ላይ ትነሣለች እንጂ አትደቅም።

በኖርዌይ ተወላጁ ሄንሪ ላርሰን አዛዥነት በሰኔ 1940 ከቫንኩቨር ተነሥታ፣ ሰሜናዊውን የበረዶ ባሕር አቋርጣ፣ ከ28 ወራት በኋላ ሃሊፋክስ ደረሰች። ያንን መንገድ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በመፈጸም የመጀመሪያዋ ሆነች። ዳሩ ግን አልበርት ሻርትራንድ የተባለው ባልደረባቸው በ1942 በልብ ሕመም ዐርፎ በዚያው በረዷማ ምድር ቀርቷል፤ ጓደኞቹም በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ካበውለታል።

በ1944 ሲመለሱ የኢኑዊት ተወላጁ መንገድ መሪ ፓኒፓኩቱክ ከነቤተሰቡ ተሳፈረ፤ ቤተሰቡም በመርከቧ ላይ በተተከለ ድንኳን አደረ። በአዲስ ሞተርና በሌላ መንገድ ጉዞው በ86 ቀናት ተፈጸመ።

መርከቧ አሁን በቫንኩቨር የባሕር ሙዚየም ተጠብቃ ትገኛለች። እኛም ፈጣኑን የ86 ቀን ጉዞ ስናደንቅ፣ 28ቱን የትዕግሥት ወራትና ከዚያ ያልተመለሰውን ባልደረባ አንዘነጋም።