በቅሎ ከፈለግህ ባዝራህን ጠብቅ

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ተረቱን ታውቀዋለህ። በቅሎዋ አልዋሸችም፤ አህያውን አባቷን ነው የደበቀችው። ግን ምን ያሳፍራታል?

ገብስህን ጭነህ ከእንጦጦ ወደ ሾላ ገበያ ስትወርድ በድንጋያሙ ቁልቁለት ፈረስ ይቸኩላል። በቅሎ ግን እግሯን መርጣ ትጥላለች። ጠባቡንና ጠንካራውን ኮቴ፣ በትንሽ መኖ መቆየትንም ከአባቷ ወርሳለች፤ ቁመቷንና ፍጥነቷን ከእናቷ። ሰጋር ከሆነችማ ተወው! ድሮ መኳንንቱ መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ እየተሳበ ይከተላል፣ ለጦርነትና ለጉግስ ይቆያል። ስሙን የወሰደው ግን ፈረስ ነው። አፄ ምኒልክ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ተባሉ፤ በበቅሎ ስም የተጠራ ንጉሥ አልሰማንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በቅሎ አትወልድም። እርግማን አይደለም፣ የቁጥር ነገር ነው። ፈረስ ዘር የሚያወርሱ 64 ክሮች አሉት፣ አህያ 62። ክሮሞሶም ይባላሉ። ልጅ ከእናቱ ግማሹን፣ ከአባቱም ግማሹን ይወስዳል። 32 እና 31 እስቲ ደምር። 63 ይመጣል። 63 ጥንድ ጥንድ ሆኖ አያልቅም፤ በዚህ የተነሳ የበቅሎ ዘር እዚያው ይቆማል። ወለደች የተባለችው በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ናት።

በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበቅሎ ሽል በተወሰደ ህዋስ ሌላ በቅሎ አስወልደዋል። እሱንም ቢሆን ያረገዘችው ባዝራ ናት!

ታዲያ ሂሳቡን አንተው ሥራው። ባዝራ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ነው። በቅሎ በወለደችበት ጊዜ ፈረስ አልወለደችም ማለት ነው። በቅሎ ዋጋ ታወጣለች ብለህ ባዝራህን ሁልጊዜ ለአህያ ብትሰጣት፣ ስታረጅ የሚተካት የለም። መጀመሪያ ከድንጉላ ፈረስ ሴት ውርንጭላ ይኑርህ። ከዚያ አህያውን አቅርብ። አህያው ከትንሽነቱ ከፈረስ ጋር ያደገ ይሁን፤ ከአህዮች ጋር ብቻ ያደገው ባዝራን እምቢ ሊል ይችላል። የበቅሎ ቁመት በአብዛኛው እናቷን ስለሚከተል ትልቋን ባዝራ ምረጥ።

ወሯ የገባ ባዝራ የገብስ ጆንያ አትሸከምም። ጎረቤትህ «ለሾላ ገበያ አንድ ቀን አውሰኝ» ቢልህ አህያ ስጠው።