ኮምፒውተር “ፎርማት” ከመደረጉ በፊት

የቤት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ወይም በቫይረስ ሲጠቃ ብዙ ሰው ወደ ጥገና ቤት ወስዶ “ፎርማት” ያስደርገዋል። ይህም የቆየውን ሥርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን፣ ከነችግሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም በማብቃቱ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ያሰበም ይህንኑ መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

አጫጫኑ ለጥንቁቅ ሰው ከባድ አይደለም፤ ከባዱ አብሮ የሚጠፋውን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፎቶ፣ ዶክመንትስ ውስጥ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከቴሌግራም የወረደ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ዊንዶውስ በተጫነበት “ሲ” ክፍል ነው። “ዲ” ላይ ያለውም ቢኾን ብዙ ጊዜ የዚያው ሃርድ ዲስክ ክፋይ ስለኾነ በአንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ሰነዶቹን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ቅጂዎቹን በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የሱቅ ወይም የማኅበር ሒሳብ በፒችትሪ የሚሠራ ከኾነ ከሶፍትዌሩ ከራሱ ባክአፕ መውሰድ ይገባል። የሚዘነጋ ሌላም ጉዳይ አለ፤ በቪዥዋል ግዕዝና በቀደሙት የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶች ፊደሎቹ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ካልተጫኑ ትርጉም የለሽ ምልክት ኾነው ነው የሚከፈቱት።

ለመጫኛ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ ይበቃል፤ በፍላሹ ላይ ያለው ነገር ግን ይጠፋል። የመጫኛ ፋይሉን ማይክሮሶፍት በድረ ገጹ በነጻ ያቀርባል። ቀድሞ በሕጋዊ ፈቃድ ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ተመሳሳዩ የዊንዶውስ ዓይነት ሲጫንለት ኢንተርኔት እንዳገኘ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ፈቃዱን ያድሳል። በየፍላሹ የሚዞረውን “ክራክ” መጠቀም ግን ቫይረስን በአንድ በር አስወጥቶ በሌላ በር ማስገባት ሊኾን ይችላል።

ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ ሲበራ የቡት ቁልፉ ይጫናል፤ በዴል ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ክፋዮችን የመሰረዣው ገጽ መመለሻ የሌለው ደረጃ ስለኾነ ቅጂ የተያዘበት ውጫዊ ዲስክ አስቀድሞ መነቀል አለበት። መብራት በመሀል ቢቋረጥ ሥራው እንዳይበላሽ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ እንደተሰካ ይሠራል።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ይህን ለማያሟላ አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በነጻ ይገኛል፤ ኾኖም ፒችትሪ በቀጥታ አይሠራበትም።

አዲሱ ሥርዓት የዋይፋይ ካርዱን ላያውቀው ስለሚችል የኔትወርክ ድራይቨሩን ቀድሞ በፍላሽ መያዝ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ፍለጋ ከመዞር ያድናል።