ልጃችን ሲጫወት ምን ይማራል?

የዛሬው ርእሳችን የትንንሽ ልጆች ጨዋታ ነው። ርእሱን እንድናነሣ ያደረገን አንድ ወንድማችን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ያቀረበልን ቅሬታ ነው።

ይህ ወንድም በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። እሱ ቀን፣ ባለቤቱ ሌሊት ስለሚሠሩ የ4 ዓመት ልጃቸው የሚውለው አንዲት ኢትዮጵያዊት እህታችን በቤቷ በምታካሂደው ዴይኬር ነው። «ኡስታዝ፣ በየሳምንቱ የምንከፍለው የላባችንን ዋጋ ነው። ልጁን ግን ‹ዛሬ ምን ተማርክ?› ስንለው ‹ተጫወትኩ› ይለናል። ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ። ልናስወጣው ነው» አለን። እውነቱን ለመናገር እኛም በልባችን አባትየውን ደግፈን ነበር። ይሁን እንጂ የአንድ ወገን ሰምቶ መፍረድ አይገባምና እህታችንን አስፈቅደን፣ ባለቤቷ ባሉበት አንድ ረፋድ ከአባትየው ጋር ከቤቷ ተገኘን።

ሳፋው፣ ባቄላውና ጀበናው

በሜሪላንድ ደንብ አንድ ሰው ፈቃድ አውጥቶ በቤቱ ቢበዛ 8 ልጆችን መጠበቅ ይችላል። በዚያ ቀን የነበሩት 5 ናቸው። ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ውሃ የያዘ ሳፋ ተቀምጧል። ሁለት ልጆች ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ይገለብጣሉ። ሦስተኛዋ ጠረጴዛ ላይ የተደባለቀ ባቄላና ሽምብራ እየለየች በሁለት ሳህን ታስቀምጣለች። አባትየው ወደ እኛ ዞር ብሎ «አያችሁ?» አለን።

ያየነው ግን እሱ ካሰበው የተለየ ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ ሕፃናትን በቅርብ ሲከታተል የደረሰበት አንድ ነገር አለ። ከአጭርና ሰፊ ብርጭቆ የነበረውን ውሃ በልጁ ፊት ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ብንገለብጠው፣ እስከ 6 እና 7 ዓመት ገደማ ያሉ ብዙ ልጆች «ውሃው በዛ» ይላሉ። ከፍታውን እንጂ ስፋቱን አያመዛዝኑም። ይህንን ልጅ በቃል ብናስረዳው ብዙም አይገባውም። ደጋግሞ ሲገለብጥ፣ ሲያፈስስና ሲመልስ ግን ቀስ በቀስ ይደርስበታል። ስለዚህ ሳፋው የመለኪያ ትምህርት ነው።

ባቄላዋን የምትለየው ልጅም የሒሳብን መሠረት እየጣለች ነው። የሚመሳሰለውን ከማይመሳሰለው መለየት ከመቁጠር ቀድሞ የሚመጣ እውቀት ነው። ደግሞም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ፍሬ የሚለቅም እጅ ነገ እርሳስ ለመያዝ እየተዘጋጀ ነው።

የወንድማችን ልጅስ የት ነበር? ጥግ ላይ ዕቃቃ ይጫወታል። ባዶ ጀበና ይዞ በባዶ ስኒ ቡና ይቀዳል፤ የእንጨት ኩቦችን ስኳር አድርጓል። መጀመሪያ ለእኛ፣ ቀጥሎ ለአባቱ፣ ከዚያ አጠገቡ ላለችው ልጅ ሰጠ። እሷ ደግማ እጇን ስትዘረጋ «ቆይ፣ ይሄ አቦሉ ነው፤ ቶናው ሲመጣ እሰጥሻለሁ፣ ከዚያ በረካ» አላት።

አድማጮቻችን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አይደለምን? ልጁ ቅደም ተከተል ያውቃል፤ እንግዳ ማክበርንና ተራ ማስጠበቅንም ያውቃል። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ትንንሾቹ ልጆች ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዱ የየራሱን ይጫወታል፤ ከፍ ሲሉ ነው ሥራ ተከፋፍለው አብረው የሚጫወቱት። ይህ መተባበር በአንድ ቀን አይመጣም፤ በጨዋታ ይለመዳል።

ከሁሉም በላይ ግን ኩቡ ስኳር መሆኑን እናስተውል። ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው ምሁር እንዳስረዳው፣ አንድን ነገር በሌላ ነገር ቦታ ማቆም የንባብና የጽሕፈት መንደርደሪያ ነው። ‹በ› የምትለው ፊደል በራሷ ድምፅ የላትም፤ እኛ ነን ድምፅን ወክላ እንድትቆም ያደረግናት። እንጨትን ስኳር ማድረግ የለመደ ልጅ ምልክትን ድምፅ ለማድረግ መንገዱን ጀምሯል። አባትየው «የለም» ያለው ፊደል ሥሩ እዚያ ጥግ ላይ ነበር።

የጠባቂዋ ድርሻ

ይህ ሲባል ግን ልጆችን በትኖ መተው ያስተምራል ማለት አይደለም። እህታችን ከሳፋው አጠገብ አልራቀችም፤ ጥቂት ውሃም ቢሆን ሕፃን ሊያሰጥም ይችላልና። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ባቄላ አትሰጥም፤ እንዳያንቃቸው የድስት ክዳንና ትልቅ ማንኪያ ታቀርብላቸዋለች። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እሷ ግን ዝም አትልም፤ «ሞላ፣ ጎደለ፣ ፈሰሰ፣ ከበደ፣ ቀለለ» እያለች በአማርኛ ትነግራቸዋለች፤ ትጠይቃቸዋለች፤ መልሳቸውንም ትጠብቃለች። ቃሉን ከነተግባሩ የያዘ ልጅ አይረሳውም። በባዕድ አገር ልጆቻችን ቋንቋችንን እያጡ ነው ብለን የምናዝን ሁሉ መድኃኒቱ በዚህች ወጥ ቤት ነበር። ሁለት ቋንቋ ልጅን ግራ ያጋባል የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም።

ይህ አካሄድ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአነስን (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርን ስለ ትንሿ ወፉ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በአቡ ዳዉድ ዘገባ ደግሞ የዓኢሻን (ረ.ዐ) ክንፍ ያለው የመጫወቻ ፈረስ አይተው ምንነቱን ጠየቋት፤ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው ስትመልስላቸውም ሳቁ። ጨዋታዋን አላቋረጡም፤ ጠየቁ፣ መልሷን ሰሙ፣ ተደሰቱ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጽሑፍ ሐኪሞች ወላጆችን ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ እንዲመክሩ አሳስቧል።

ወላጆች ምን እንጠይቅ?

ልጃችንን ለሰው አደራ ስንሰጥ፣ አማና ነውና፣ መጠየቅ መብታችንም ግዴታችንም ነው። ፈቃድ አላት ወይ? ቤቱ ለሕፃን አያሰጋም ወይ? ልጆቹ የሚውሉት በጨዋታ ነው ወይስ በስክሪን ፊት? ታነጋግራቸዋለች ወይ? እነዚህ ከተሟሉ «ስንት ፊደል ቆጠረ?» እያልን እህቶቻችንን አናስጨንቅ። እኛ ራሳችን ቅልብልቦሽ ስንጫወት መቁጠርን፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል ሚዛን መጠበቅን ተምረናል፤ ያኔ ትምህርት ብሎ የጠራው ግን አልነበረም። የቤቱም መጫወቻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካርቶን፣ ክዳንና ማንኪያ ይበቃል።

ወንድማችን ከዚያ ቤት ሲወጣ ብዙ አልተናገረም። ልጁን ግን አላስወጣውም። በሌላ ጁሙዓ ስንገናኝ፣ ማታ ማታ ልጁን ሲወስድ «ምን ተማርክ?» ማለቱን ትቶ «ዛሬ ለማን ቡና ቀዳህ?» እንደሚለው ነገረን። «ያን ጊዜ ቤት እስክንደርስ አያቆምም ኡስታዝ» አለን።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ አደራችንን ለተሸከሙልን እህቶችም ምንዳቸውን ያብዛላቸው። ወቢላሂ ተውፊቅ።