የቆዳ ቀለም ስለ ሕመም ምን ይነግረናል?



በሽተኛ ወደ ሐኪም ሲቀርብ ስሙ፣ ዕድሜውና ጾታው ይመዘገባል። በአሜሪካ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ «ዘርዎ ምንድን ነው? ጥቁር፣ ነጭ ወይስ እስያዊ?» የሚል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ወገኖቻችንም «ጥቁር» በሚለው መደብ ይቆጠራሉ። ይህ ምልክት በሕክምናው ላይ ምን እንዳስከተለ ማወቅ ለምእመናንም፣ በጤና ፕሮጀክቶች ለሚያገለግሉም ይጠቅማል።

የኩላሊት ስሌት

ኩላሊት ደምን የሚያጣራ አካል ነው። አቅሙን ለመገመት ክሬያቲኒን የተባለው ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ በደም ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ ይለካል፤ ከዚያም ከዕድሜና ከጾታ ጋር ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ስሌት በሽተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገው ነበር። በ2009 የወጣውም በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገው ነበር። ምክንያቱም በጥናቱ የተካፈሉት ጥቁር አሜሪካውያን የኩላሊት አቅማቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሳለ ክሬያቲኒናቸው በአማካይ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ ነው። «ጡንቻቸው ቢበዛ ነው» ተብሎም ታሰበ።

ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በአሜሪካ የኩላሊት አቅሙ 20 ወይም ከዚያ በታች የሆነ በሽተኛ ለንቅለ ተከላ ተራ መያዝ ይችላል። በዕድሜ፣ በጾታና በደም ምርመራ ውጤት እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። የአንዱ ቁጥር 18 ሲሆን «ጥቁር» ተብሎ የተመዘገበው በ2009ኙ ስሌት ወደ 21 ይጠጋል። የመጀመሪያው ተራ ይይዛል፤ ሁለተኛው «ገና ነዎት» ተብሎ ይመለሳል። ኩላሊቱ ግን እስኪደርሰው ድረስ መድከሙን አያቆምም።

በ2021 የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽንና የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋሙት ኮሚቴ ዘርን የማይጠይቅ ስሌት እንዲተካ መከረ። በ2022 የንቅለ ተከላውን ተራ የሚመራው አካል አሮጌውን አሠራር ከለከለ። ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶም ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት የዘገዩ ጥቁር በሽተኞችን መዝገብ መርምረው ያለፈባቸው ጊዜ እንዲታሰብላቸው ታዘዙ።

ጂን ቀለምን አይከተልም

ጂን ከወላጆች የምንወርሰው፣ የሰውነታችንን አሠራር የሚወስን መልእክት ነው። ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው ሊቅ በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው ልጆች መካከል ካለው የጂን ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን አሳየ። የሚበዛው ልዩነት በዘርና በዘር መካከል ሳይሆን በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ነው ማለት ነው።

ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ እንውሰድ። ብዙዎች «የጥቁሮች በሽታ» ይሉታል። ይሁን እንጂ ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ስለሚጠበቅ፣ ጂኑ የበዛው ወባ በኖረበት አገር ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ በግሪክና በሲሲሊ፣ በዓረብ ምድርና በሕንድም ይገኛል። በኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ዘንድ ግን እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ በቀለም የሚፈርድ ሐኪም ግሪካዊውን በሽተኛ ሊስተው ይችላል።

የኮዴይን ትምህርት

ታዲያ የትውልድ ሐረግ ምንም ዋጋ የለውምን? አለው። ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። የዚህ ኢንዛይም ጂን የተደራረበባቸው ሰዎች ኮዴይንን በፍጥነት ስለሚለውጡ፣ በተለይ በሕፃናት ላይ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ ጂን እንደ ተደራረበባቸው ገለጠ። በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ኢትዮጵያም በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች አገደች።

ልብ እንበል። «ጥቁር» የሚለው ስም ይህን አደጋ ሊያሳየን ባልቻለ ነበር፤ ጂኑ ከዚህ እጅግ ያነሰባቸው የአፍሪካ ሕዝቦች አሉና። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው እንኳ በቂ አይደለም፤ ከመቶው 71ዱ አልተደራረበባቸውምና። የትውልድ አገር ሐኪሙን ያስጠነቅቃል፤ ቁርጡን የሚነግረው ግን የሰውየው ምርመራ ነው።

እንዲህም ሲባል ዘርን መመዝገብ ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። ማን ሕክምና እንዳገኘና ማን እንደ ተከለከለ ለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል። አድልዎ ካልተቆጠረ ተደብቆ ይኖራል። ስሕተቱ ሰዎች የሰጡትን ስም እንደ ደም ምርመራ መቁጠር ነው።

ምን እናድርግ?

በጤና ጣቢያ የምታገለግሉ ሆይ፤ የሰውን መልክና ጎሳ አይታችሁ በሽታውን አትገምቱ። የት እንደ ተወለደ፣ ወላጆቹ ከየት እንደ መጡ፣ በቤተ ሰቡ ምን ሕመም እንዳለ፣ የትኛው መድኃኒት አስቸግሮት እንደ ነበረ ጠይቁ። በአሜሪካ ያላችሁ፣ ወይም በዚያ የኩላሊት ሕመምተኛ ዘመድ ያላችሁ፣ ውጤቱ በየትኛው ስሌት እንደ ወጣና የጥበቃው ጊዜ ተስተካክሎ እንደ ሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል ብለን የምናምን ሁሉ፣ ወደ እኛ የመጣውን በሽተኛ በመደብ ሳይሆን በስሙ እንወቀው።