የቤተሰብ ስም እንደ ታሪክ ማስረጃ፤ መርጋትሮይድ የተባለው የእንግሊዝ ስም አመጣጥና ስርጭት

መግቢያ

በታሪክና በጂኦግራፊ ትምህርት መምህራንን ዘወትር ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ፣ የጽሑፍ ታሪክ ያልተወለትን ተራ ሕዝብ ኑሮና እንቅስቃሴ በምን ማስረጃ ማስተማር ይቻላል የሚለው ነው። ነገሥታትና የጦር አለቆች ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበራቸው፤ ገበሬውና ሸማኔው ግን አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ስሙ በግብር መዝገብ፣ በቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብና በሕዝብ ቆጠራ ላይ የሰፈረ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው ትንሽ የታሪክ ማስረጃ ትቶ አልፏል። እነዚህ ጥቃቅን ማስረጃዎች ተሰብስበው በካርታ ላይ ሲሰፍሩ፣ ሕዝብ ከየት ተነሥቶ፣ መቼና በምን ምክንያት ወዴት እንደ ሄደ ያመለክታሉ።

ይህ ጽሑፍ መርጋትሮይድ የተባለውን፣ ከትንሽ ስፍራ የፈለቀና ባለቤቶቹ ጥቂት የሆኑ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ለምሳሌ በመውሰድ፣ ስሙ እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ ጥቂት ሆኖ የቀረበትን ምክንያት፣ ስርጭቱ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠና ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ምን መደምደም እንደሚቻል፣ ምን ደግሞ እንደማይቻል ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የቤተሰብ ስም ምንነትና አጀማመር

በአገራችን በብዙው ሕዝብ ልማድ አንድ ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙና በአባቱ ስም ነው። የከበደ ልጅ «አበበ ከበደ» ሲባል፣ የአበበ ልጅ ደግሞ «ተስፋዬ አበበ» ይባላል። በዚህም መሠረት የከበደ ስም በልጅ ልጁ መጠሪያ ላይ አይታይም። የቤተሰብ ስም የሚባለው ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የጋራ መጠሪያ ነው።

በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ስም ከጥንት የነበረ አይደለም። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 አገሪቱን ከያዘ በኋላ፣ መጀመሪያ በታላላቆቹ ባለርስቶች ዘንድ ተለመደ፤ ቀጥሎም ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ነዋሪና ወደ ጭሰኛው ወረደ። እስከ 1400 ገደማ በአብዛኛው የእንግሊዝ ክፍል የተተከለ ልማድ ሆነ። ለዚህም ምክንያት ከሆኑት ዋና ዋናዎቹ የርስት ውርስ፣ ፍርድ ቤትና ግብር ናቸው። በአንድ መንደር ውስጥ ዮሐንስ የሚባሉ አሥር ሰዎች ሲኖሩ፣ ጸሐፊው የትኛው እንደ ከፈለና የትኛው እንዳልከፈለ ለይቶ መመዝገብ ነበረበት።

መለያዎቹ በአራት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ከአባት ስም የመጣ ነው፤ ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ማለት ነውና። ሁለተኛው ከሥራ የመጣ ነው፤ ስሚዝ ቀጥቃጭ፣ ዌብስተር ሸማኔ ማለት ነው። ሦስተኛው ከመልክ ወይም ከጠባይ የወጣ ቅጽል ነው። አራተኛው ሰውየው ከሚኖርበት ወይም ከመጣበት ስፍራ የተወሰደ ነው። ቀጥቃጭ በየመንደሩ ስለ ነበረ፣ ስሚዝ የሚለው ስም በብዙ ስፍራ በየራሱ ተፈጠረ። ከአንዲት ትንሽ ቦታ የተወሰደ ስም ግን መነሻው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። መርጋትሮይድ ከዚህ ከአራተኛው ወገን ነው።

2. የስሙ ትርጉምና የትውልድ ስፍራው

በሰሜን እንግሊዝ የፔናይን ተራሮች በምሥራቅ በኩል ወደ ዮርክሻየር ይወርዳሉ። በዚያ፣ በካልደር ወንዝ ሸለቆ አጠገብ፣ የሃሊፋክስ ከተማ ትገኛለች። ዎርሊ የምትባለው ቀበሌ ከሃሊፋክስ በስተ ምዕራብ ያለች ስትሆን፣ አካባቢው እስከ 1974 ድረስ ዌስት ራይዲንግ ከሚባለው የዮርክሻየር ምዕራባዊ የአስተዳደር ክፍል ይቆጠር ነበር። መርጋትሮይድ በዎርሊ ውስጥ የነበረ የአንድ አነስተኛ ይዞታ ስም ነው።

ስሙ ከሦስት ቃላት የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ዛፍ የማይበቅልበትን ረግረጋማ ደጋ ያመለክታል። ሁለተኛው በሰሜኑ ሕዝብ አነጋገር መንገድ ማለት ሲሆን፣ በዚያ ከሰፈሩት የስካንዲናቪያ ሰዎች ቋንቋ የተወረሰ ነው። ሦስተኛው «ሮይድ» የሚለው ምንጣሮ፣ ማለትም ደን ተመንጥሮ ለእርሻ የወጣ መሬት ነው። ሦስቱ በአንድነት ሲነበቡ «ወደ ደጋው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ምንጣሮ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ።

በዚሁ ሸለቆና በአካባቢው አክሮይድ፣ ሆልሮይድ፣ ቡዝሮይድና እነዚህን የመሳሰሉ በ«ሮይድ» የሚያልቁ ብዙ የቤተሰብ ስሞች ይገኛሉ። አክሮይድ የባሉጥ ዛፍ የነበረበት ምንጣሮ ማለት ነው። እነዚህ ስሞች በአንድ አካባቢ መሰብሰባቸው፣ የመካከለኛው ዘመን ገበሬ የተራራውን ጎን እየመነጠረ አዲስ መሬት ያወጣ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ምንጣሮው ለመሬቱ ስም ሰጠ፤ መሬቱ ደግሞ ስሙን ለሚያርሰው ሰው አስተላለፈ። ከ14ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ በአካባቢው መዛግብት «የመርጋትሮይዱ» እየተባሉ የተጻፉ ሰዎች ይገኛሉ። በ1379 በንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ዘመን የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ለዌስት ራይዲንግ በሚገባ ተጠብቆ የቆየ በመሆኑ፣ የዚህን አካባቢ ስሞች ለሚያጠኑ ሁሉ ዋና መነሻ ነው።

3. ስሙ ጥቂት ሆኖ የቀረበት ምክንያት

አንድ ስም ባለቤቶቹ ጥቂት የሚሆኑት ወገኑ ስለ ደከመ ወይም ስለ ተዋረደ አይደለም። ስም በወንድ ልጅ በኩል ብቻ በሚተላለፍበት ልማድ፣ ሴቶች ልጆች ብቻ የተወለዱለት ወይም ከነጭራሹ ልጅ ያልወለደ ሰው ስሙ ከእርሱ ጋር ያበቃል። ይህን ጉዳይ ፍራንሲስ ጎልተን የተባሉት ሊቅ በ1873 በለንደን ይታተም በነበረ አንድ የትምህርት መጽሔት ላይ በሒሳብ ጥያቄ መልክ አቀረቡት። ሄንሪ ዊልያም ዋትሰን የተባሉ ቄስና የሒሳብ ሊቅ መልስ ሰጡበት፤ ሁለቱም በ1874 ጥናቱን በአንድነት አቀረቡ።

ነገሩን በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። እያንዳንዳቸው የተለየ ስም ያላቸው 100 ወንዶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ሁለት ልጆች ይወልዳል፤ ልጁ ወንድ ወይም ሴት የመሆኑም ዕድል እኩል ነው። በዚህ ስሌት ከመጀመሪያው ትውልድ በኋላ 25 ያህል ስሞች ይጠፋሉ። ከሁለተኛው በኋላ የጠፉት ስሞች 39፣ ከሦስተኛው በኋላ 48፣ ከአራተኛው በኋላ 55፣ ከአምስተኛው በኋላ 60 ይደርሳሉ። የወንዶቹ ጠቅላላ ቁጥር ግን በአማካይ እዚያው 100 ላይ ይቆያል። በመሆኑም የተረፉት 40 ስሞች እያንዳንዳቸው በአማካይ ሁለት ሰው ተኩል ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ሕዝብ ሳይቀንስ ስሞች እንደሚቀንሱና ከአንድ ሰው የተነሣ ስም በዕድል ብቻ ሊጠፋ ወይም ሊበዛ እንደሚችል ነው።

በዚህ ላይ በ1348 እና በ1349 እንግሊዝን የመታው ታላቁ ወረርሽኝ ከሕዝቡ እጅግ ብዙውን ስለ ፈጀ፣ ስሞች ገና በመተከል ላይ በነበሩበት ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ከነመጠሪያቸው ጠፍተዋል። መርጋትሮይድ ከተረፉት አንዱ ነው።

4. የስርጭቱ መለወጥ

ስሙ ከተተከለ በኋላ ለብዙ ትውልድ ከሃሊፋክስ አካባቢ ብዙም አልራቀም። ምክንያቱ የአካባቢው የኑሮ ዘዴ ነው። ደጋው ለእህል የማይመች በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ጥቂት ከብት በማርባትና የሱፍ ጨርቅ በመሥራት ጎን ለጎን ይተዳደር ነበር። ዳንኤል ዲፎ ከ1724 እስከ 1727 ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ፣ በሃሊፋክስ ዙሪያ ቤቶቹ በየተራራው ጎን በትናንሽ ማሳዎች መካከል ተበታትነው እንደሚገኙና በየቤቱ ደጃፍ ማለት ይቻላል የተወጠረ ጨርቅ ይታይ እንደ ነበረ ገልጸዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ለልጅ የሚተርፈው መሬት ትንሽ ቢሆንም፣ እንዝርቱና የሽመና ዕቃው ስለሚያኖረው ርቆ ለመሄድ አይገደድም። ስለዚህ ስሙ ከመስፋት ይልቅ በአንድ ቦታ ተጠቀጠቀ።

ባለጠጋ የሆኑትም ቢሆኑ ሩቅ አልሄዱም። ጄምስ መርጋትሮይድ የተባሉ የዎርሊ ሰው በሱፍ ጨርቅ ንግድ በልጽገው፣ በ1630ዎቹ በኪትሊ አጠገብ የሚገኘውን የኢስት ሪድልስደን ርስት ገዙ፤ ቤቱንም በ1640ዎቹ እንደገና አሠሩት። ሕንጻው ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ስፍራው ከሃሊፋክስ ያለው ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ነው።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከፋብሪካ ጋር ነው። በ18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ መፍተልና መሸመን ከቤት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ሲገባ፣ የተራራው ነዋሪ ወደ ሸለቆው ከተሞች ወረደ። ብራድፎርድ በ1801 13 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ስትሆን፣ በ1851 ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። መርጋትሮይዶችም ከዚህ እንቅስቃሴ አልተለዩም። ወደ ብራድፎርድ፣ ወደ ኪትሊና ወደ ሊድስ፣ ተራራውንም ተሻግረው ወደ ላንካሽር የጥጥ ፋብሪካዎች ሄዱ። ሌሎችም ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ተሻገሩ።

ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ ለመከተል የሚያስችሉ መዛግብት አሉ። የአጥቢያ መዝገብ በ1538 በሕግ ተጀመረ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት የመንግሥት ምዝገባ በእንግሊዝና በዌልስ በ1837 ቀጠለ። የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን አጥቢያ ስለ ጠየቀ፣ ስሙ የሄደበትን ርቀት ለማስላት ያስችላል። ሄንሪ ብሩም ገፒ የተባሉት የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1890 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከሌላው ሕዝብ ሁሉ ይልቅ በቦታው የሚጸናው ገበሬ ነው በማለት የገበሬዎችን ስም ብቻ ቆጥረው፣ እያንዳንዱ ስም በየትኛው ክፍለ ሀገር እንደሚበዛ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች የ1881ን ቆጠራ ከ1998 የመራጮች መዝገብ ጋር አነጻጽረዋል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ካለፈና ይህን ያህል የሕዝብ እንቅስቃሴ ከታየ በኋላ እንኳ፣ ብዙ ስሞች በጥንት መነሻቸው አካባቢ በርክተው መገኘታቸው ከጥናቱ የተገኘ ዋና ፍሬ ነገር ነው።

5. ከስም ምን መደምደም አይቻልም?

የስም ማስረጃ ጥንቃቄ ይሻል። አንደኛ፣ የስም ዝና ከስም ስርጭት ጋር መደባለቅ የለበትም። ጊልበርትና ሰሊቫን በ1887 ባቀረቡት «ረዲጎር» በተባለው የሙዚቃ ተውኔት ውስጥ መርጋትሮይድ የሚባል የመሳፍንት ወገን አለ። ታሪኩ የሚፈጸመው ግን በደቡብ ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው በኮርንዎል ነው። ተውኔቱን ለማስረጃ የወሰደ ተማሪ የስሙን አገር በጭራሽ ይስታል።

ሁለተኛ፣ አጻጻፍ ይለዋወጣል። ማንበብና መጻፍ በማይችል ሰው ፋንታ የሚጽፈው ጸሐፊ የሰማውን ድምፅ እንደ መሰለው ስለሚያሰፍር፣ አንዱ ስም በተለያየ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። አጥኚው ሁሉንም ካላሰባሰበ ቁጥሩ ይጎድልበታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ስም የደም ምስክር አለመሆኑ ነው። ልጅ በማደጎ፣ በእንጀራ አባት ወይም በእናቱ በኩል ስም ሊወርስ ይችላል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም በ40 የቤተሰብ ስሞች በሚጠሩ 1,678 ወንዶች ላይ መርምረዋል። ስማቸው ብርቅ የሆኑት ብዙ ጊዜ ከአንድ አባት የወረዱ መሆናቸው ሲታይ፣ ስሚዝ የሚባሉት ግን እርስ በርሳቸው ከማንኛውም ሌላ ሰው የበለጠ ዝምድና አልታየባቸውም። ከዚያ አስቀድሞ በ2007 በወጣው ጥናት ደግሞ፣ በምሥራቅ ዮርክሻየር የሚገኝ አንድ ብርቅ ስም ካላቸው 18 ወንዶች 7ቱ በምዕራብ አፍሪካ የሚገኝ የዘር ምልክት ተገኝቶባቸዋል። የትውልድ ሐረጋቸው እስከ 18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ድረስ ወደ ዮርክሻየር ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች በስማቸውም በመልካቸውም ከጎረቤቶቻቸው የማይለዩ እንግሊዛውያን ናቸው። ስለሆነም ከስም ተነሥቶ የሰውን ዘር መፍረድ፣ ስሙ እጅግ የታወቀና መነሻው የተረጋገጠ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ፣ ከስሕተት ላይ ይጥላል።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ የተመለከተው የስም መጥፋት ስሌት በክፍል ውስጥ በሳንቲም ሊፈተን ይችላል። እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ስም ባለቤት ሆኖ ሳንቲሙን ሁለት ጊዜ ይወርውር፤ ሰው ሲወጣ ወንድ፣ አንበሳ ሲወጣ ሴት ልጅ ተወለደ ተብሎ ይቆጠር። ከዚያም ለተወለደው ወንድ ልጅ ሁሉ እንደገና ይወርወር። አራት ወይም አምስት ትውልድ ሲያልፍ በሰሌዳው ላይ የቀሩትን ስሞች መቁጠር፣ የሒሳብንና የታሪክን ትምህርት በአንድነት ያስጨብጣል።

በአገራችን የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ፣ የእንግሊዙን ዓይነት ካርታ ከሰው ስም መሥራት አይቻልም። የቦታ ስም ግን አለ። ምንጣሮን፣ ወንዝን፣ ዛፍን ወይም የጥንት ባለይዞታን የሚያመለክቱ የመንደርና የማሳ ስሞች በየወረዳው ሞልተዋል፤ እነዚህን ተማሪዎች ከሽማግሌዎች ጠይቀው ትርጉማቸውን ቢመዘግቡ፣ የአካባቢያቸውን የመሬት አያያዝ ታሪክ ይማሩበታል።

በሌላ በኩል በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለቤተሰብ ስም በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ሲጽፉ፣ ልጆቻቸውም በዚያው ሲመዘገቡ፣ የአንድ ሰው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይተከላል። በ14ኛው ምእት ዓመት በዮርክሻየር የሆነው ይኸው ነው፤ ስምን ቋሚ ያደረገው የመዝገብ አስፈላጊነት ነበርና። የትምህርት ቤት መዝገብ ጸሐፊም የተማሪን፣ የአባትንና የአያትን ስም ሳያሳጥርና ፊደል ሳይለውጥ እንዲጽፍ፣ የትውልድ ስፍራንም እስከ ቀበሌው እንዲመዘግብ ማድረግ የዕቅድ አውጪዎች ኃላፊነት ነው። የ1851 ቆጠራ ዛሬ ጥቅም ላይ የዋለው፣ ቆጣሪዎቹ የተወለድክበት አጥቢያ የት ነው ብለው ስለ ጠየቁና መልሱን በትክክል ስለ ጻፉ ነው።