ከሩብ ኢንች በታች

አዲስ ካርድ ለመሥራት ስነሣ መጀመሪያ የማወጣው ማስመሪያ ነው። ቀለሙም፣ አበባውም፣ ጽሑፉም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ደብዳቤ ብሎ የሚቀበለው ውፍረቱ ከሩብ ኢንች ያልበለጠውን ነው፤ በሚሊ ሜትር 6.35 መሆኑ ነው። ከዚያ ጥቂት ካለፈ ደብዳቤነቱ ይቀርና በሌላ ስም፣ በሌላ ዋጋ ይሄዳል። ባያልፍም እንኳ አንድ ቦታ ላይ ያበጠ ወይም አልታጠፍ ያለ ከሆነ ደብዳቤ በሚለየው ማሽን ውስጥ እንደልቡ ስለማያልፍ ተጨማሪ ክፍያ አለበት። እኔ ደግሞ የምሠራው ሆን ተብሎ ሆዱ የሚነፋ ካርድ ነው።

ሼከር ካርድ አይታችሁ የማታውቁ ትኖራላችሁ። የካርዱ ፊት በክብ፣ በልብ ወይም በሌላ ቅርጽ ይቀደድና ቀዳዳው ጥርት ባለ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ከፕላስቲኩ ኋላ፣ ዙሪያውን በሚለጠፍ ፎም፣ ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ ውስጥ ዶቃ፣ ብልጭልጭ፣ በደቃቁ የተቆረጠ ወረቀት ይገባል። ካርዱ ሲነቀነቅ ውስጡ ያለው ይንሿሿል። የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ደንበኞቼም በአብዛኛው ሐበሾች ናቸው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ያዛሉ። ሲያዙኝ የሚነግሩኝ ውስጡ ምን እንዲገባ እንደሚፈልጉ ነው። እኔ የምጠይቃቸው በምን እንደሚላክ ነው። መልሱን ሳልሰማ ወረቀት አልቆርጥም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ካሬ ሜትሩ 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ታጥፎ የካርዱ አካል ሲሆን ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይወስዳል። የውስጡ ዳራና ፊት ላይ የሚለጠፈው ፍሬም ተደምረው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ያልፋሉ። ፕላስቲኩ ይህን ያህል የሚቆጠር አይደለም። ፎሙ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ፖስታው ሲታከልበት ድምሩ 4ን አለፍ ይላል፤ በዚህ እተነፍሳለሁ። ፎሙን ልደርብ ብል ግን 6ን አልፎ ደንቡ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ነገር ደግሞ በመንገድ ላይ የሚያጋጥመው አይታወቅም። ዶቃው ፎሙን የሚያህል ከሆነም ፕላስቲኩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር የሞላ ዶቃ ቤቴ አይገባም።

ለፖስታ ቤት ብሎ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይባላል የሚለኝ አይጠፋም። ካርድ ግን ከጥንስሱም የፖስታ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ለገበያ የቀረበ የገና ካርድ ያሳተመው ሄንሪ ኮል፣ ከሦስት ዓመት በፊት እንግሊዝ ውስጥ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ የሚላክበት አሠራር እንዲጀመር ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ሥዕሉን የሣለለት ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነው። የአንዱ ካርድ ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። በዚያ ዘመን ሽልንግ ማለት አሥራ ሁለት ፔኒ ስለሆነ ካርዱ ከመላኪያው አሥራ ሁለት እጥፍ ይወደድ ነበር ማለት ነው። «ይሄ ወረቀት አይደለም እንዴ? እንዲህ ይወደዳል?» ለሚሉኝ ይህችን ታሪክ እነግራለሁ። ዋጋ ግን አልቀንስም።

የእኛ አገር ካርድ ፖስታ ቤት አያውቅም። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ሴቶቹ አበባየሁሽ እያሉ ሲዞሩ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ይዘው በር ያንኳኳሉ። ሥዕሉን ይሰጣሉ፣ ሳንቲም ይቀበላሉ፣ ወደ ቀጣዩ በር ይሮጣሉ። ሣዩም፣ ሻጩም፣ አድራሹም አንድ ልጅ ነው። ቴምብር የለ፣ ሩብ ኢንች የለ። አሁን አሁን የታተመው በዝቶ በእጅ የተሣለው ቢያንስም፣ እኔ ሱቅ ከሞላው ካርድ ይልቅ ሥራዬን ለዚያ ሥዕል አቀርበዋለሁ። ሼከር ካርድ ተነቦ መደርደሪያ ላይ ከቆመ ጥቅሙ ግማሽ ነው፤ ካልነኩት አይንቀሳቀስም። የሚፈልገው ተቀባይ እጁን የማይሰበስብ ሰው ነው።

ቅርጹን የሚያወጣልኝ ዳይ የሚባለው ስስ ብረት ነው። አንደኛው ገጹ ስለት አለው። ስለቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ፣ ከላይና ከታች በጠንካራ ፕላስቲክ ሰሌዳ ይዤ፣ በሁለት ሮለሮች መካከል አሳልፈዋለሁ። እጀታውን የማዞረው በእጄ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን ሥራ የምታስቡ ካላችሁ ይህችን ልብ በሉ፤ በእጅ የሚዞረው ማሽን መብራት አይጠይቅም። በኮምፒውተር የሚታዘዘው መቁረጫ የፈለጉትን ቅርጽ ያወጣል፣ እሱን አልክድም። ለድግግሞሽ ግን የብረቱን ዳይ የሚተካ አላየሁም። መቶ የሠርግ ካርድ ሲታዘዝ መቶኛው ክብ ከመጀመሪያው አይለይም።

ስለ ዳይ ከተነሣ ሮበርት ጌርን አለማንሣት አይቻልም። ብሩክሊን ውስጥ የወረቀት ከረጢት ያመርት ነበር። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1879 የዘር ከረጢት ሲታተም የማጠፊያ መስመር እንዲያወጣ የገባው ብረት ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ከረጢቶቹን ቆራረጣቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ኪሣራውን አስልቶ ማሽኑን አስተካክሉ ብሎ ያልፍ ነበር። ጌር ግን አንዱ ብረት ካጠፈና ሌላው ከቆረጠ ሁለቱንም በአንድ ምት ማድረግ ይቻላል ብሎ አሰበ፤ ተቆርጦና ተሰምሮ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚመጣው የካርቶን ሣጥን ከዚያ ወጣ። ዛሬ የጫማ ማሸጊያ የሚሠራው ትልቁ ፋብሪካና በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን የሚጋሩት ሐሳብ እሱ ነው። የውጩ ስለት ይቆርጣል፣ ዶልዶም ያለው የውስጥ መስመር ማጠፊያውን ያወጣል።

የመስኮቱን ፍሬም የምቆርጠው በሁለት ክብ ዳይ ነው፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አድርጌ። ሮለሩ ውስጥ ሲገቡ እንዳይንሸራተቱ በቀላሉ በሚላቀቅ ስኮች ሁለቱንም እይዛቸዋለሁ፤ ካልያዝኳቸው ፍሬሙ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ይሳሳል፣ ዓይን ደግሞ ይህን ወዲያው ያያል። ሰሌዳዎቹ ሁልጊዜ በአንድ ገጽ ከሠሩ ይጎብጣሉ፤ እያገላበጡ መሥራት ነው። አንድ ጥግ አልቆረጥ ካለ ኃይል አይጨመርም፣ ከሥር አንድ ተራ ወረቀት ይደረጋል። ስለ ማሽኑ ይህ ይበቃል፤ የእጅ ሥራው ያለው ከዚህ በኋላ ነው።

ሜሪላንድ ክረምቷ ደረቅ ነው። ማሞቂያ ከተለኮሰ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይይዝና የገባበትን ሁሉ ሰብስቦ ይለጥፋል። ካርዱን ብትነቀንቁት አንዱም አይወርድም። ስለዚህ ፕላስቲኩን ከመለጠፌ በፊት ደቃቅ ዱቄት በታሰረበት ከረጢት አብሰዋለሁ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። ፎሙም በጎኑ ያጣብቃል፤ ከረጢቱ በፎሙ የውስጥ ጠርዝ ላይም ማለፍ አለበት፣ ካላለፈ ትንንሾቹ ዶቃዎች ዳር ዳሩን ተሰልፈው ይቀራሉ። የጣት አሻራ ደግሞ ከታሸገ በኋላ አይጸዳም። መከላከያ ሽፋኑን የምልጠው መጨረሻ ላይ፣ ጫፉን ይዤ ነው።

የሚሞላው ነገር ምርጫ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዝርግ ብልጭልጭ ያብረቀርቃል እንጂ ፕላስቲኩ ላይ መተኛት ይወዳል፤ መሐሉ የጎደጎደው ይሻላል። ዶቃ ይንከባለላል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ግን ክብደት ስላለው ወደ ታች ተከምሮ ይቀመጣል። ከወረቀት የተቆረጠው ድምፅ የለውም፣ ቅርጹ ግን ይታያል። ሦስቱን አደባልቃለሁ፤ ዘርግቼ ሳየው የመስኮቱን ሲሶ ከሸፈነ በቃኝ። ደንበኛ ሁልጊዜ «ጨምሪ» ይላል። አልጨምርም። የጠቀጠቁት ካርድ ቢነቀነቅ ስፍራ የለውምና አይንሿሿም። ዱቄት የሆነውን ብልጭልጭ ከነጭራሹ ትቼዋለሁ፤ ፕላስቲኩን ያደበዝዛል፣ ከጠረጴዛ ተነሥቶ ልብስና ምግብ ውስጥ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከፕላስቲክ የተሠራው ልቅ ብልጭልጭ ገበያ ላይ እንዳይውል ደንብ አውጥቷል። ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም ዘመድ ያላችሁ ስታዙ ይህን አስቡት።

ገበያውን የሞላው የዳይ ቅርጽ ጥድ፣ ዱባና የበረዶ ሰው ነው። አደይ አበባ ፈልጌ አላገኘሁም። ከትንንሾቹ አበቦች መካከል ለአደይ የምትቀርበውን መርጬ ከቢጫ ወረቀት እቆርጥና መሐሏን በብርቱካናማ እርሳስ እነካታለሁ። ከሩቅ ለሚያያት አደይ ናት፤ ከቅርብ ደግሞ ሐበሻ ይምርልኛል። ለገና ግን ጠቀሜታው ለእኛ ነው። የፈረንጆቹ ገና ባለፈ ማግስት ሱቆቹ ዕቃውን በወረደ ዋጋ ሲጥሉት የእኛ ገና ገና ነው።

አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ካርድ ሊያዙ መጥተው «ልጄ፣ ቡና ጣል ብታደርጊበትስ?» አሉኝ። ሐሳቡ ደስ አለኝ፣ ማስመሪያዬን ግን አነሣሁ። የቡና ፍሬ በሆዱ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ገደማ አለው። እሱ እንዲንቀሳቀስ ፎሙ 5 ቢደረግ ካርዱ ከ7 ያልፋል። የተቆላ ከሆነ ደግሞ ቅባቱ ወረቀቱን ያወዛዋል። «እማማ፣ በምን ሊልኩት ነው?» አልኳቸው። «ምን ልላክ አመጣው፣ እጇ ላይ ነው የማስቀምጥላት» አሉኝ። በእጅ ከሆነ ደንብ የለም። ጥሬ ቡና ገባበት፣ ከፖስታ ይልቅ በትንሽ ሣጥን ወጣ። ጤፍ ይሁንልኝ ያሉም ነበሩ። ለጤፍ እምቢ ብያለሁ፤ ደቃቅ ስለሆነ ዱቄቱም ከረጢቱም አያድነውም፣ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ያውም እህል ድንበር ሲሻገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠየቅበታል።

አዲስ አበባ የሚሄደው ካርድ የራሱ ጣጣ አለው። ፎሙን በቁርጥራጭ ከለጠፍኩት ማዕዘኖቹ ላይ በሚቀረው ስንጥቅ ደቃቁ ዶቃ ያመልጣል። ስለዚህ ፎሙንም በዳይ እቆርጠዋለሁ፤ አንድ ወጥ ቀለበት ስለሚሆን መጋጠሚያ የለውም፣ ዶቃም አያመልጥም። ጉዳቱ አየርም አለማምለጡ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ወለል በላይ መቶ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። እዚህ የታሸገ የድንች ጥብስ ከረጢት እዚያ ሲደርስ እንደሚነፋው ሁሉ የካርዱ መስኮትም ያብጣል፤ ሙጫው ደካማ ከሆነም ይላቀቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመዝጋቴ በፊት የውስጡን ዳራ ከዶቃው በቀጠነ መርፌ አንድ ጊዜ እበሳዋለሁ፤ ቀዳዳዋም እንዳትደፈን እዚያ ቦታ ላይ ሙጫ አላስነካም። አየሩ ይወጣል ይገባል፣ ዶቃው ይቀራል። ናዝሬትም፣ ባሕር ዳርም፣ ደሴም ከፍ ያሉ ናቸውና ለሁሉም እበሳለሁ። ድሬዳዋ ዝቅ ብትልም አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ግፊት ያው የተቀነሰ ስለሆነ አልተዋትም።

ወደ አገር ቤት ካርድ በፖስታ ላኩ ብዬ አልመክርም። እዚያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት ቁጥር አይደለም፤ የራሱ ሣጥን ያለው ዘመድ ደግሞ ጥቂት ነው። ሰው ሲሄድ መላክ ይሻላል። ያኔ ሩብ ኢንቹ ይቀራል፣ ፎሙን መደረብም ይቻላል። ካርዱን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አድርጋችሁ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ እንዲገባ ለምኑ፤ ከጫማ ሥር የዋለ ካርድ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ለመስከረም 1 አዲስ አበባ እንዲደርስላችሁ የምትፈልጉ ደግሞ ሐምሌ ሳያልቅ እዘዙ። ነሐሴ ላይ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ቀድሞ ይሞላል።