ሳዶ፤ የወርቅና የወፍ ደሴት

አንባቢ ሆይ፤ ጃፓንን በፋብሪካዋና በፈጣን ባቡሯ ብቻ የምታውቃት ከሆነ፥ ከኒጋታ ወደብ በመርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘህ ወደ ሳዶ ደሴት ተሻገር። በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል የተዘረጋው ሜዳ የሩዝ እርሻ ነው።

ሳዶ በጥንት ዘመን የግዞት ስፍራ ነበረች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1221 ከዙፋኑ የወረደው ንጉሠ ነገሥት ጁንቶኩ፥ በ1434 ደግሞ ኖህ የተባለውን ቴአትር ያደረጀው ዜአሚ ወደዚያ ተጋዙ። ዛሬም በደሴቲቱ ከ30 በላይ የኖህ መድረኮች አሉ።

በ1601 ወርቅ በተገኘ ጊዜ ቆፋሪዎች አንዱን ተራራ ከዐናቱ ለሁለት ሰነጠቁት። በ2024 የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበውን ይህን ስፍራ ጐብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ነገር ግን ከኤዶ፥ ማለት ከዛሬይቱ ቶኪዮ፥ እየታፈሱ መጥተው ከጉድጓዱ ውሃ ሲቀዱ የኖሩትን ድኾች፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጊዜ በግዳጅ የሠሩትን ኮሪያውያን አብረህ አስባቸው።

እኔን ከወርቁ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ቶኪ የሚባለው ወፍ ነው። የጋጋኖ ወገን ሲሆን ፊቱ ቀይ፥ የክንፉ ውስጥ ሮዝ ነው። በአደንና በተባይ መድኃኒት ምክንያት ተመናምኖ፥ በ1981 በጃፓን ዱር የቀሩት 5 ብቻ ተያዙ፤ ዘር ግን አልተኩም። በ1999 ከቻይና የተሰጡት ጥንድ ወፎች ተራብተው በ2008 በሳዶ ተለቀቁ። እንቁራሪትና ትንንሽ ዓሣ እንዳያጣ ገበሬዎች መድኃኒቱን ቀነሱ፤ በብርድ ወራትም ማሳቸውን በውሃ ይሞላሉ። ቡቃያ የሚረግጥን ወፍ ገበሬ እንዲወድ ማድረግ መቼም ቀላል አይደለም፤ ሩዙ በወፉ ስም መሸጡ ሳይረዳ አልቀረም። አሁን በመቶ የሚቈጠሩ ቶኪዎች በነፃ ይበራሉ። ስታያቸው ከሩቅ ቁም፤ ሰው ሲጠጋቸው ይደነብራሉ።